ታኮና ታኬታ

አያቴ በቤታቸው ፓስታ አያስቀቅሉም ነበር። በአርበኝነት ዘመናቸው ግራ እግራቸውን በጥይት ተመትተው አጥንቱ አጥሮ ስለ ገጠመ፣ የግራ ጫማቸው ታኮ ከቀኙ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሠራላቸዋል። ጫማ ሠሪው ካሳነሰባቸው «ታኮው ይጨመርልኝ» ብለው ይመልሱታል።

እኔ ደግሞ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ታኬታ አማረኝ። በሰፈራችን ታኬታ የነበራቸው ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ እነርሱ መሬቱን ነክሰው ሲቆሙ እኛ በሸራ ጫማችን እንንሸራተታለን። አባባ ይህን ከሩቅ ሲያዩ ከርመው ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ከመርካቶ አሮጌ ታኬታ ይዘውልኝ መጡ። ገልብጠው ጥርሶቹን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይኸ ነው እንግዲህ የማያዳልጠው?» አሉኝ።

የቃሉን ነገር ያወቅሁት እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጣሊያን የጫማን ተረከዝ «ታኮ» ይለዋል፤ ትንሹን «ታኬቶ»፣ ሲበዛ «ታኬቲ»። ከኳስ ጫማ ሥር የሚወጡት ጉጦች መጠሪያ ይኸው ነው። እኛ የጉጡን ስም ለመላው ጫማ ሰጠነው። ታኮና ታኬታ እናትና ልጅ ናቸው ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ቤት ሲኖሩ ዝምድናቸውን ያወቀላቸው አልነበረም። (የመኪና ረዳቱማ ታኮን ከጫማ አውጥቶ ዳገት ላይ ለቆመ ጎማ ይሸጉጠዋል።) ማሊያም ከዚያው አገር ነው፤ ቱታም በ1920 እ.ኤ.አ. ታያት የተባለ የፍሎረንስ ሠዓሊ ለፈለሰፈው ልብስ የሰጠው ስም ነው።

ልቤ ግን ከታኮው አልወጣ አለ። በ1928 ዓ.ም. የገባውን ጦር አምስት ዓመት የተዋጉ ሰው፣ ቁስላቸውን የሚደግፉበትን ነገር በዚያው ጦር ቋንቋ ይጠሩት ነበር። ፓስታውን ከደጅ መልሰው ቃሉን ግን በየቀኑ ረግጠውት ይሄዱ ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ጫማ ሠሪውን ምን ብለው ያዝዙት ይሆን? በሕይወት ቢኖሩስ እነግራቸው ነበር? የምነግራቸው አይመስለኝም።

ታኬታው ሁለት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። አባባ ከአሮጌ ኩታቸው ጫፍ ቀደው ከፊቱ ጠቀጠቁልኝ፤ ከዚያም ግራ እግራቸውን እየጎተቱ እስከ ሜዳው ዳር ሸኙኝ።