ምድር ቤት የሚበሩ ድሮኖችና የጋሼ ሬዲዮ

ዲሲና ዙሪያዋ ለሐበሻ የማይገኝ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እንጀራው፣ ዕቁቡ፣ እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ሁሉም በቅርብ አለ። ድሮን ማብረር ለሚወድ ሰው ግን ከዚህ የባሰ ከተማ አሜሪካ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ስካይላይን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ የምንኖርባቸው ሰፈሮች በሙሉ እዚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ሠላሳ ግራም የማትሞላ መጫወቻም ብትሆን ሕጉ አይምራትም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ርቀት ከ400 ጫማ ሳያልፉ ማብረር ይቻላል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ግማሹን ቅዳሜ መንገድ ላይ መጨረስ ነው።

ደግነቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ የሚቆጣጠረው ሰማዩን ነው፤ ጣራ ሥር የሚሆነው አያገባውም። ስለዚህ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ የሚወዳደሩት እኔ በምሠራበት ፓርኪንግ ምድር ቤት ነው፤ እሁድ ማታ፣ መኪናው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ በአለቃችን ፈቃድ። ድሮኖቹ ከሞተር እስከ ሞተር 65 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ባትሪያቸው ከሦስት አራት ደቂቃ በላይ አይዘልቅም። ልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽር አጥልቀው፣ ከድሮኑ ካሜራ የሚመጣውን ምስል እያዩ ነው የሚነዱት። ድሮኖቹ የሚያልፉባቸውን በሮች ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ሠርተናቸዋል።

እህቴ ይህን ሁሉ አትወደውም። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2016 ዱባይ ላይ በተደረገው ውድድር የ15 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሉክ ባኒስተር ከቡድኑ ጋር 250 ሺህ ዶላር እንዳሸነፈ ነገራት። «እሱ አሸንፏል፤ አንተ ሒሳብህን ሥራ» አለችው። አገር ቤት ላሉት ዘመዶች ደግሞ እኔው ራሴ ነገሩን ስናገር «ትንንሽ ሄሊኮፕተር» እላለሁ። እዚያ ድሮን በጦርነት ዜና ነው የሚታወቀው፤ በስልክ ማስደንገጥ አያስፈልግም።

ችግሩ ሰዓት ነበር። አራት ድሮን በአንድ ላይ ሲበር ድምፁም መልኩም ያው ነው፤ በስልክ ሰዓት ይዞ ማን ዙሩን በስንት እንደጨረሰ መለየት አይቻልም። ልጆቹ ከሚያበሩበት ጊዜ የሚጨቃጨቁበት በለጠ። እኔ ሩጫ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰዓቱ የማይታወቅ ውድድር አይዋጥልኝም። ገበያ ላይ የተዘጋጀ የዙር ሰዓት አለ፤ ለስምንት ድሮን የሚሆነው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ልገዛ ስል ማታ ማታ የሚተኩኝ ጋሼ ሰሙ። ጋሼ እዚህ ከመምጣታቸው በፊት መርካቶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ቆይ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ዕቃው ምን እንደሚሠራ ንገረኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ድሮን ምስሉን የሚያስተላልፈው በ5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ በራሱ ቻናል ነው። ለውድድር የተለመዱት ስምንት ቻናሎች ከ5658 እስከ 5917 ሜጋኸርዝ ድረስ በ37 እየተራራቁ ተቀምጠዋል። የዙር ሰዓቱ ምስሉን አያይም። በሩ አጠገብ ተቀምጦ የየቻናሉን የሲግናል ጉልበት ብቻ ይለካል። ድሮኗ ስትቀርብ ቁጥሩ ይወጣል፣ አልፋ ስትሄድ ይወርዳል። መግቢያና መውጫ የሚባሉ ሁለት ገደቦች አሉት፤ ቁጥሩ መግቢያውን ሲያልፍ «መጣች» ይላል፣ ከመውጫው በታች ሲወርድ ዙሩን ይመዘግባል። ሰዓቱን የሚወስደው ግን በሁለቱ መካከል ጉልበቱ ከፍተኛ የነበረበትን ቅጽበት ነው።

ጋሼ ሳቁ። «ታዲያ ሬዲዮ ነው በለኛ! ለዚህ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የምትሰጠው?»

ልክ ናቸው፤ ሬዲዮ ነው። ለአንድ ድሮን አርኤክስ5808 የሚባል ሪሲቨርና አርዱዊኖ ናኖ የሚባል አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ይበቃሉ፤ በተጨማሪ ሦስት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም። ናኖዎቹ ሁሉ ራዝቤሪ ፓይ ከሚባል አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛሉ፤ ፓይው ላይ ሮተርሃዛርድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይጫናል። ዕቃዎቹ የሚያያዙበት ቦርድ ንድፍም በነጻ ይገኛል፤ ፋይሉን ሸንዘን ላሉ ፋብሪካዎች ልኮ ማሳተም ይቻላል። በሽቦ ብቻ አያይዞ መሥራትም ይሆናል፤ ግን ድሮን ሲበዛ ሽቦው ይተበተባል፣ አንዱ ሲላቀቅ የትኛው እንደሆነ ፍለጋው ያደክማል። ቦርዱ ይሻላል።

አስቸጋሪው ሪሲቨሩ ነው። ብዙዎቹ ሲመጡ ቻናል የሚቀይሩት እግሮቻቸው ላይ በሚሰጥ ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ ናኖው በትእዛዝ እንዲቀይራቸው ከተፈለገ የብረት ክዳናቸው ተነሥቶ ውስጥ ካሉት ሬዚስተሮች አንዷ መውጣት አለባት። ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ነገር ናት። የእህቴ ልጅ ለመንቀል ሲሞክር እጁ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ የገንዘብ መቀበያ ጠረጴዛውን ጠርገው መብራቱን አስጠጉ፣ መነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደረቡ። ክዳኑን ዙሪያውን አሙቀው በፒንሳ አነሡት። ከዚያ በሬዚስተሯ ሁለት ጫፍ ላይ ትንሽ ትኩስ ሊድ ጨመሩባት። ልጁ «ጋሼ፣ እኛ ልናወጣት ነው እርስዎ ይጨምራሉ?» አላቸው። መልስ ሳይሰጡ ካውያውን ነካ አደረጉት፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ላይ ቀለጠና ሬዚስተሯ ካውያው ጫፍ ላይ ተጣብቃ ወጣች። ቦርዱ ላይ ጭረት እንኳ አልቀረም። የቀሩትን ልጁ ራሱ አወጣ፤ እሳቸው ከጎኑ ቆመው «አትጫን፣ ሙቀቱ ይሥራ» ይሉት ነበር።

ምድር ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ኮንክሪቱና ብረቱ ሲግናሉን እያነጠረ ይመልሰዋል፤ አንዲት ድሮን ከምሰሶ ጀርባ ስትዞር ሰዓቱ በበሩ ያለፈች ይመስለውና ያልተበረረ ዙር ይቆጥራል። መፍትሔው ሌላ መሣሪያ አልጠየቀም፤ የመመለሻውን መስመር ከበሩ አራቅነው፣ የሁሉንም ማሠራጫ ወደ 25 ሚሊዋት አወረድን፣ የመግቢያውን ገደብ ከፍ አደረግን። ፕሮግራሙ ላይ የአንድ ዙር ዝቅተኛ ጊዜ መወሰኛም አለ፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ የመጣውን ለይቶ ማስቀረት ይቻላል።

ሰዓቱ የተወዳዳሪውን ስም እየጠራ ዙሩን በድምፅ ይናገራል። ጨ እና ጸ ያለበትን ስም ሲጠራ መስማት ለብቻው መዝናኛ ነበር። ለዚህም ስሙ እንዴት እንደሚነበብ ለይቶ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ ልጆቹ የራሳቸውን አስተካክለው የጋሼን የበር ጥበቃ ጓደኛ ስም ግን ሆን ብለው እንደተበላሸ ተዉት።

መሥራት ለምትፈልጉ፦ በስምንት አትጀምሩ። በአንድ ሪሲቨርና በአንድ ናኖ ጀምሩ፤ አንድ ድሮን በትክክል ሲቆጥር ካያችሁ በኋላ ሌላውን ጨምሩ። ውድድሩ ለቅዳሜ ሆኖ ዓርብ ማታ የምትጣደፉ ከሆነ ግን ግዙት፤ ይህ የጥድፊያ ሥራ አይደለም። አገር ቤት ላለ ወጣት ድሮን ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ አለዚያ ቦሌ ላይ ይያዝባችኋል። የሪሲቨሩን ክዳን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትክፈቱ። በየፓርኪንጉና በየታክሲው ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው አይጠፋም፤ ጠይቁት።