የቡሱዋ ጣውላ

ከአክራ ተነስቶ የጊኒን ባሕረ ሰላጤ እየታከከ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ኬፕ ኮስትን፣ ኤልሚናንና ታኮራዲን ካለፈ በኋላ ወደ ግራ የሚገነጠል ቅርንጫፍ አለው። መጨረሻው ቡሱዋ ነው፤ የዓሣ አጥማጆች መንደር። ለሥልጠና ጋና በሰነበትኩበት ጊዜ፣ እነሆ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የክፍል ጓደኞቼ “ይህን ደገኛ ባሕር እናስለምደው” ተባብለው ትሮትሮ በሚሏት ሚኒባስ አሳፈሩኝ።

መኪናዋ ፍጥነቷን በቀነሰች ቁጥር ሴቶች ሸቀጣቸውን በራሳቸው ላይ እንደተሸከሙ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ኬንኬ የቀመስኩት ያኔ ነው፤ በበቆሎ ሽፋን ተጠቅልሎ የተቀቀለ፣ የቦካ የበቆሎ ሊጥ፣ ከተጠበሰ ዓሣና ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር። ኮምጣጣነቱ እንጀራ ለለመደ አፍ አይከብድም። ኤልሚና ስንደርስ ፖርቱጋሎች በ1482 እ.ኤ.አ. መገንባት የጀመሩት ነጭ ምሽግ ብቅ አለ። ሰው በባርነት ተጭኖ የሄደበት ደጅ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ዓሣ ይቸረቸራል። ጓደኞቼ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ነው። ውሃ ማለት ለኛ ክረምት ላይ ሞልቶ ከብትም ሰውም ይዞ የሚሄድ ወንዝ ነበር። እናቴ ከወንዝ ዳር ባየችን ቁጥር “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” ትለን ነበር። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ቡሱዋ ዳርቻ ላይ ስቆም ልቤ ሙሉ በሙሉ ከጓደኞቼ ጋር አልነበረም።

አሸዋው ላይ አሮጊት ሳይቀር ተሰልፎ መረብ ይጎትታል። መረቡን በጀልባ ወስደው ባሕሩ ውስጥ በግማሽ ክብ ይዘረጉታል፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ከየብስ በገመድ መሳብ ነው። አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እግር በዜማው ልክ ወደ ኋላ ይረግጣል። እኛንም ገመድ አስያዙን። መዳፌ እስኪላጥ ጎትቼ የወጣው ከጣት ያልበለጠ፣ እንደ ልብ የማይሞላ ዓሣ ነበር፤ ሴቶቹ ግን በሳፋ በሳፋ ሲከፋፈሉት ለኛም ደረሰን። ከአክራ የመጣው ጓደኛዬ በነሱ ዳርቻ፣ ጋ በሚባለው ሕዝብ ዘንድ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ዓሣ እንደማይጠመድ፣ ቀኑ የባሕሩ ዕረፍት እንደሆነ አጫወተኝ። በዓል ሲሆን ሞፈር ለማያነሳ ገበሬ ልጅ ማስረጃ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም።

መረቡ ሲያበቃ ልጆቹ መጡ፤ እያንዳንዳቸው በብብታቸው ጣውላ ይዘዋል። የዚያ አገር ጀልባ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ዋዋ ከሚሉት፣ እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ከሆነ ዛፍ። ጀልባው ሲያረጅ ጎኑን ቆርጠው፣ ጫፉን በቆንጨራ አሞልሙለው ለጨዋታ ያደርጉታል። እኔ የተሰጠኝ ጣውላ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ተርፎ ነበር፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የጀልባው ስም ከተጻፈበት የቀረ አንድ ተኩል ፊደል።

ጣውላውን የሰጠኝ ልጅ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቋንቋው አሃንታ ነው፤ የምንግባባው በጣት ነበር። በመጀመሪያ ያሳየኝ መግባት የሌለብኝን ቦታ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ማዕበሉ እየተሰበረ አረፋ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ መስመር ነበር። እኔ ብሆን የምመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን ወደ ዳር የተገፋው ውሃ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው፤ ጀልባዎች ለመውጣት ይጠቀሙበታል፣ ዋናተኛን ግን ይዞት ይሄዳል። እናቴ ያለችው ውሃ ይኸው እዚህም አለ፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የልጅ ትምህርት ነው።

ከዚያ እስከ ወገቤ አስገባኝና በጣውላው ላይ በሆዴ አስተኛኝ። ማዕበል ሲመጣ ትከሻውን አዙሮ ያየዋል፤ ጣቱን ይነቀንቃል፤ ይህ አይሆንም። ሌላ ይመጣል፤ ይህም አይሆንም። በደቡብ አትላንቲክ ሩቅ ላይ ነፋስ የቀሰቀሰው ውሃ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ከጥልቁ ወጥቶ አሸዋ ሲነካ ሥሩ ይዘገያል፣ አናቱ ይቀድማል፣ ይወድቃል። ልጁ የሚጠብቀው ሊወድቅ ያለበትን ቅጽበት ነው። በድንገት “ናው!” ብሎ ከኋላ ገፋኝ። ጣውላው ከሥሬ ነፍስ ዘራ። ጆሮዬ በጩኸት፣ አፌ በጨው ተሞልቶ፣ ሆዴ አሸዋ እስኪልስ ድረስ እየጮህኩ ሄድኩ። ቀና ስል መንደሩ በሙሉ ይስቅብኛል።

ሰርፊንግ ሲባል ሃዋይና ካሊፎርኒያ ትዝ የሚለን ብዙ ነን። አሜሪካዊው ብሩስ ብራውን በ1966 ለእይታ ያበቃው “ዘ ኢንድለስ ሰመር” የተባለ ፊልም ሁለት የካሊፎርኒያ ወጣቶችን ማዕበል ፍለጋ ዓለምን ሲያዞር ጋናንም ያሳያል። ጋና ግን ጨዋታውን ከማንም አልጠበቀችም። በ1640ዎቹ ወርቅ ጠረፍ ይባል በነበረው በዚህ ዳርቻ የነበረው ጀርመናዊ ሚካኤል ሄመርሳም፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ዋና ለማስተማር ከጣውላ ጋር አስረው ውሃ ውስጥ እንደሚጥሏቸው ጽፏል፤ ይህ ጄምስ ኩክ በ1778 ሃዋይ ከመድረሱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። በ1830ዎቹ ደግሞ ጄምስ አሌክሳንደር የተባለ ስኮትላንዳዊ መኮንን የአክራ ልጆች ጣውላ በሆዳቸው ሥር አድርገው ማዕበል ሲጋልቡ ማየቱን መዝግቧል። ቴማ ላይ ዘመናዊው ወደብ በ1962 እስኪከፈት ድረስም የአክራ ቀዛፊዎች ከባሕር ላይ ከቆመ መርከብ ጭነት የሚያራግፉት በዚያው ማዕበል ላይ እየተንሸራተቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። መንደሩ ውስጥ ግን ለጣውላው ሙዚየም አልነበረውም፤ ሲሰበር ዓሣ የሚታጠንበት ምድጃ ማገዶ ይሆን ነበር።

ከአክራ የመጣው ያ ጓደኛዬ አሁንም አልፎ አልፎ የቡሱዋን ቪዲዮ ይልክልኛል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየጊዜው ውቅያኖሱ የሚተፋው ሳርጋሰም የተባለ ቡናማ የባሕር አረም ዳርቻውን ይሸፍነዋል፤ መረብም ይሞላል። ትልልቅ ዛፎች በመመናመናቸው ጀልባ የሚወጣው ግንድ ማግኘት ከብዷል። ልጆቹ የያዙት ከፋብሪካ የወጣ የፋይበር ሰሌዳ ነው፤ በሆድ መተኛት ቀርቶ ቆመው ይጋልባሉ፤ የሰርፊንግ ትምህርት ቤቶችም ተከፍተው ፈረንጆችን በክፍያ ያስተምራሉ።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ሳስበው ግን እኔ ትዝታዬ እንዳይደበዝዝ የሰው ልጅ በጀልባ ስባሪ ይጫወት ማለት ደግ ምኞት አይደለም። ጣውላው ያምር የነበረው ለእኔ ነው፤ ያ ልጅ የያዘው ሌላ ስላልነበረው ነው። ያን ቀን ሳንቲም ሳይጠይቀኝ ሙሉ ጠዋት አስተማረኝ። ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ከሆነ በሰዓት ያስከፍል፤ ደግ አደረገ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹን ወደ ውሃው ከማስገባቱ በፊት ይህ ጨዋታ ከውጭ የመጣ ሳይሆን አያቶቹ በእንጨት ሲጫወቱት የኖሩት መሆኑን ይንገራቸው።