በስድስት እንቁላልና በጡብ የቆመ ትምህርት ቤት

ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ ብዙ ሰው ስንት ተማሪ አለፈ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ቤቱ በምን ገንዘብ ቆመ፣ ማንስ መራው ማለት እወዳለሁ። ዛሬ ስለ አንድ የገጠር መምህራን ማሠልጠኛ አጀማመር ላጫውታችሁ። አገሩ ሩቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ በሚባለው ግዛት፣ ተስኪጊ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስሙ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በ1935፣ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን ሊያበር የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን እዚያ የተማረ ሰው ነበር።

አብዛኞቹ የአላባማ ጥቁሮች እስከ 1865 ድረስ ባሮች ነበሩ። ጥጥ ይለቅማሉ፤ እንደ ከብት ይሸጣሉ። በ1832 የወጣ ሕግ ደግሞ ጥቁርን ሰው ፊደል ማስቆጠር ከለከለ። ሲያስተምር የተገኘ ሰው ከ250 እስከ 500 ዶላር ይቀጣ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ነፃነት ከመጣ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1880፣ ምርጫ ሆነ። አንድ ነጭ ተወዳዳሪ የጥቁሮቹን ድምፅ ፈለገ። በተስኪጊ ሉዊስ አዳምስ የሚባል፣ ቀድሞ ባሪያ የነበረ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭና ጫማ ሰፊ ነበር። ሕዝቡ ይሰማዋል። አዳምስ በድምፁ ምትክ ለራሱ ምንም አልጠየቀም። መምህራን የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ይሁንልን አለ። ሰውየው ተመረጠ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በ1881 የአላባማ ምክር ቤት በዓመት 2,000 ዶላር ፈቀደ።

ታዲያ ገንዘቡ ለደመወዝ ብቻ ነው። ለመሬት የለም፤ ለቤት የለም፤ ለመጽሐፍም የለም። ሊያስተዳድር የመጣው ቡከር ዋሽንግተን የ25 ዓመት ወጣት ነው። እሱም ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ በልጅነቱ ከሰል ሲቆፍር ያደገ ነው። የተሠራ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው መስሎት ነበር። ያገኘው ሰው ብቻ ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1881 በ30 ተማሪዎች ጀመረ። ቤቱ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለ ደሳሳ ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። ያን ጊዜ አንዱ ተማሪ ይነሳና መምህሩ እስኪጨርስ ጃንጥላ ይይዝለታል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የገጠር አስተማሪዎች ነበሩ። አንዳንዱ ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቷል። ተማሪውን አስከትሎ የመጣ መምህርም ነበር። ሲፈተኑ ተማሪው ከመምህሩ በላይ ክፍል የገባበት ጊዜ አለ! ሳነበው ስቄአለሁ። ግን ያ መምህር ምን ያድርግ? የሚሻል ሰው ስላልነበረ ባወቀው ልክ ሲያስተምር ኖሯል።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ የባሪያ ጌታ እርሻ ይሸጥ ነበር። ስፋቱ 100 ኤከር፣ በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ያህል ነው። ዋጋው 500 ዶላር፤ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በዓመት ውስጥ። ዋሽንግተን ለተማረበት ለሐምፕተን ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ጻፈ። ገንዘብ ያዡም የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ሳይነካ ከራሱ ኪስ 250 ዶላር አበደረው። ቁጥሩን አስታወሳችሁ? 250 እና 500። ድሮ ጥቁርን ላስተማረ መቀጮ የነበረው ገንዘብ አሁን የጥቁር መምህራን ማሠልጠኛ መሬት ገዛ። ማንም አስቦ ያደረገው ነገር አይደለም፤ እንዲያው ገጠመ።

ዕዳውን ለመክፈል ረዳቱ ኦሊቪያ ዴቪድሰን እራት እያዘጋጀች ትሸጥ ጀመር። ከቤት ቤት ዞረች። ነጩም ጥቁሩም ዶሮና ዳቦ ሰጠ። ዕድሜያቸው 70 የሚሆን፣ ባሪያ የነበሩ አንዲት እናት ቡትቷቸውን ለብሰው በምርኩዝ መጡ። የያዙት ስድስት እንቁላል ነው። ለልጆቹ ትምህርት ይሁን ብለው ሰጡ። ብድሩ በሦስት ወር ተመለሰ። በሁለት ወር ደግሞ ቀሪው 250 ተከፈለና መሬቱ የራሳቸው ሆነ።

ቀጥሎ ምንጣሮ መጣ። ተማሪዎቹ አልወደዱትም። የተማረ ሰው መጥረቢያ ምን ያደርግለታል አሉ። ከባርነት የወጣ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ዋሽንግተን ግን መጥረቢያውን ይዞ ቀደመ፤ ከዚያ ተከተሉት።

ቤት ለመሥራት ጡብ ያስፈልጋል። በከተማው ጡብ የሚሠራ አልነበረም። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው አቦኩ። የመጀመሪያው ተኩስ ተበላሸ። ሁለተኛውም ተበላሸ። ሦስተኛውም! ገንዘቡ አለቀ። ዋሽንግተን ሰዓቱን ሞንትጎመሪ ከተማ ወስዶ በ15 ዶላር አስያዘ። አራተኛው በሰለ። ሰዓቱ ግን በዚያው ቀረ። ጥቁር ከተማረ ሥራ ይጠላል ብለው የፈሩ ነጮች ጡብ ሊገዙ መጡ። ከ20 ዓመት በኋላ ተማሪዎቹ በአንድ የሥራ ወቅት 1,200,000 ጡብ ያወጡ ነበር።

ይህን አመራር ሁሉም አልወደደውም። ዱ ቦይስ የሚባል ጥቁር ምሁር በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ዋሽንግተንን ነቀፈ። የእጅ ሥራ ብቻውን አይበቃም፤ የምርጫ መብትና ከፍተኛ ትምህርትም ይገባናል አለ። ነቀፋው ውሃ ያነሳል። አላባማ በ1901 ባወጣችው ሕገ መንግሥት አብዛኛውን ጥቁር ከምርጫ አስወጥታለች። ትምህርት ቤቱ ራሱ እኮ የተገኘው በድምፅ ነው።

ከአስተዳደሩ ግን እኔ አንዱን ነገር አብልጬ እወዳለሁ። ለምግቡና ለማደሪያው የሚከፍለው ለሌለው ሰው በ1884 የማታ ትምህርት ተከፈተ። ተማሪው ቀን 10 ሰዓት ይሠራል፤ ማታ 2 ሰዓት ይማራል። ከጥቂቱ በቀር ደመወዙ ሁሉ ይቀመጥለታል። የተቀመጠው ሲበቃ ወደ ቀኑ ክፍል ይገባል።