ሁለት ሲኒና አንድ ቡሎን

ጆሐንስበርግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ጀፔን ያውቃል። መንገዱ ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ይጠራል፤ አበሻው ግን ስሙን አልለወጠም፤ ጀፔ እንዳለ ጀፔ ነው። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩት ፎቆች ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ደርብ ብርድ ልብስ፣ ጫማና መጋረጃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ሆነዋል። ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ስማቸውን የሚጠራ ጥቂት ነው፤ ለሁሉም «ጋሼ» ናቸው።

ጋሼ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከምናምን በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ቶርኖ ላይ ቆመው የባቡር ጎማ ሲያስተካክሉ ኖረዋል። አሮጌው መስመር እየተዳከመ መጥቶ ሲቆምና ባለቤታቸውም ሲያርፉ፣ ታናሽ ወንድማቸው ወደ ጆሐንስበርግ አመጣቸው። ሱቁ የወንድምየው ነው።

ታሪኩ የሚመለከተው ግን ከእርሳቸው ይልቅ የወንድማቸውን ልጅ ነው። ልጅቷ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አድጋ፣ በሜካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ደርሳ ነበር። አባቷ ሎኬሽን ውስጥ የነበረው ሁለተኛው ሱቅ በአንድ ሌሊት ተዘርፎ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ጀፔ ካለው ሱቅ ልትቆም ቆረጠች። አባትየው አልከለከለም፣ አልፈቀደምም፤ ዝም አለ። የስደት ቤት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ጋሼ ጉዳዩን አነሡ።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት የለፋሽበትን እንዲህ በቀላሉ ትጥይዋለሽ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ደግሞስ የሚያስተምሩን ምንድን ነው? አንድ ሙሉ ተርም ስለ ጎማና ሐዲድ! ይኼ እኮ ያለቀለት ነገር ነው። ዓለም በማግኔት መሄድ ጀምሯል።»

ጋሼ አልተቆጡም። ሁለት ሲኒ አንሥተው አፍ ለአፍ ገጠሙና ዙሪያውን በፕላስተር አጣበቁ። ከዚያ ሁለት የመጥረጊያ ዘንግ አስመጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን፣ ትንሽ አዘቅዝቀው አስቀመጡ። የተጣበቁትን ሲኒዎች ከላይ ሲለቋቸው እየተንከባለሉ ወረዱ፤ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብሉ በራሳቸው ወደ መሐል እየተመለሱ፣ ሳይወድቁ ደረሱ። ቀጥለው ፕላስተሩን ፈተው ሲኒዎቹን ቂጥ ለቂጥ አጣበቁ። አሁን ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ወደቁ። ይህን ማንም አንባቢ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ ሲኒውን ከሚወዱት እናት ፊት ባይሆን ይመረጣል።

«የባቡር ጎማ ክብ ብቻ አይደለም» አሉ ጋሼ። «ወደ ውስጥ ወፈር፣ ወደ ውጭ ቀጠን ያለ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ደግሞ በአንድ ዘንግ ላይ የጠነከሩ ናቸው። ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ የውጪው ጎማ በወፍራሙ በኩል፣ የውስጠኛው በቀጭኑ በኩል ይረግጣል፤ ስለዚህ ዘንጉ መሪ ሳይኖረው ራሱ ይዞራል። በጎኑ ያለው ከንፈር ለክፉ ቀን ነው እንጂ በየመታጠፊያው ሊፋቅ አልተሠራም።»

ችግሩ የሚመጣው ሁለት ዘንጎች አንድ ላይ ሲታሰሩ ነው። ከፉርጎው ሥር ያለው ባለ አራት ጎማ ጋሪ ቦጊ ይባላል። ሁለቱን ዘንጎች አጥብቀው ቢያስሯቸው፣ ጠመዝማዛው ላይ አንዳቸውም መዞር አይችሉም፤ ከንፈሩ ሐዲዱን እየፋቀ ይጮኻል፤ ጎማውም ሐዲዱም ያልቃል። ላላ አድርገው ቢተዋቸው ደግሞ በመታጠፊያው ላይ ደኅና ይሆኑና፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨመር እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ይወላገዳሉ። የባቡር መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጡ ኖረዋል። ጋሼ በሠላሳ ዓመት ያስተካከሏቸው ጎማዎች ሁሉ ከንፈራቸው የተበላ ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ከበረሃው ወደ ደጋው የሚወጣው እየተጠማዘዘ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አዋሽን አነሡ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1985 አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሐዲድ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። «ያለ ልክ የተነዳን ባቡር ይቅር የሚል ቦጊ የለም፤ ያን ጊዜም አልነበረም፣ ዛሬም የለም» አሉ። «ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የተፋቀ ጎማ ባየሁ ቁጥር ሰው ይታየኛል።»

ልጅቷ ሲኒዎቹን በእጇ እያገላበጠች ዝም አለች።

ጋሼ ለጥያቄያቸው መልስ ያገኙት ግን ድሬዳዋ አይደለም፤ እዚሁ ጀፔ ነው። አንድ ቀን ለልጅ ልጆቻቸው ብርድ ልብስ ሊገዙ የመጡ ማዳላ የጋሼን እጅ አይተው ቆሙ። ቶርኖ ላይ የኖረ ሰው እጅ ፍንጣሪ ብረት ባቃጠለው ነጠብጣብ ይታወቃል። የማዳላም እጅ እንዲያው ነበር። ጀርሚስተን ባለው የባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ተግባቡ። ማዳላ ከሱቁ በር ላይ ባዶ ካርቶን አንሥተው በጠመኔ ሁለት ዘንግ ሣሉ፤ ከዚያ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ ሁለት መሥመር አሰመሩ። መስቀል ሆነ።

ይህ የደቡብ አፍሪካ ምድር ባቡር መሐንዲስ የነበረው የኸርበርት ሼፌል ቦጊ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ ነው። ሼፌል ዘንጎቹን በለስላሳ ላስቲክ ላይ አስቀምጦ ነፃ አወጣቸው፤ ግን በሰያፍ በተሠሩ የብረት ዘንጎች እርስ በርሳቸው አስተሳሰራቸው። ጠመዝማዛ ላይ የፊተኛው ወደ ግራ ሲያዞር የኋለኛው ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሁለቱም እንደ ማራገቢያ ተከፍተው መታጠፊያውን ይከተላሉ። መስቀሉ ይህን ይፈቅዳል። ሁለቱም አብረው ወደ አንድ ወገን ሊወላገዱ ሲሞክሩ ግን መስቀሉ ይይዛቸዋል። አጥብቆ ማሰርና አላልቶ መተው ብቻ የነበረውን ምርጫ ሦስተኛ መንገድ አገኘለት።

ጋሼን ያስደነቃቸው ሌላው ነገር የሐዲዱ ስፋት ነው። የደቡብ አፍሪካ ሐዲድ 1067 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከድሬዳዋው የሚበልጠው በአራት ጣት ያህል ነው። ድሬዳዋ ሳሉ «ሐዲዱ ጠባብ ስለሆነ ነው» እየተባለ ብዙ ነገር ሲታለፍ ሰምተዋል። በዚህ ጠባብ ሐዲድ ላይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1978 ከጆሐንስበርግ ደቡብ ምዕራብ፣ በዌስቶናሪያና በሚድዌይ መካከል፣ ቁጥሩ ኢ1525 የሆነ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የሼፌል ቦጊ ተገጥሞለት በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ሄዷል። በ2010 የተከፈተው ጋውትሬን እንኳ፣ በሰፊው ሐዲድ ላይ፣ የሚሄደው 160 ነው። በዚሁ ጠባብ ሐዲድ ላይ ከሲሸን እስከ ሳልዳኛ ወደብ 861 ኪሎ ሜትር የብረት ማዕድን ይጫናል፤ በ1989 በዚያ መስመር ላይ 660 ፉርጎ የጎተተ፣ ርዝመቱ ከሰባት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አንድ ባቡር አልፏል። ሎኮሞቲቩ 245 በሄደበት ዘመን ድሬዳዋ ከሶማሊያ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፤ እነ ጋሼ የፈረሰውን መስመር ሲጠግኑ ነበሩ።

«ማዳላን ‘አንተ መሐንዲስ ነበርክ?’ ብዬ ጠየቅኋቸው» አሉ ጋሼ። «ሳቁ። ‘ረዳት ነበርኩ’ አሉኝ። ዕድሜ ልክ ረዳት! ነጩ ባለሙያ የሚሠራውን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አዲስ ለመጣ ነጭ ልጅ ሥራውን የሚያሳዩትም እርሳቸው ነበሩ። ግን የባለሙያ ወረቀት ለእርሳቸው አይሰጥም፤ ለቀለማቸው የተከለከለ ነው።»

ነገሩ እውነት ነው። ከ1924 ጀምሮ የዚያች አገር መንግሥት የባቡር ሥራን የድሃ ነጮች መጠለያ አድርጎት ነበር። በአፓርታይድ ዘመን የሎኮሞቲቭ ሹፌርነት ለነጭ የተከለለ ሥራ ነበር። ጎማው በነፃነት እንዲዞር ሲፈቀድለት፣ ጎማውን የሚገጥመው ሰው እንደታሰረ ነበር።

«ለማዳላ በሩ ተዘግቶባቸው ነበር» አሉ ጋሼ። «ላንቺ ተከፍቶልሻል። አንቺ ግን በገዛ እጅሽ ልትዘጊው ነው።»

ልጅቷ በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። «እሺ፣ እርሱስ ይሁን። ግን ማግኔቱስ ጋሼ?» ብላ አሁን እርሷ ብዕር አነሣች። ያስረዳችው እንዲህ ነው። ተራ ሞተር ክብ ነው፤ ውጪው ቆሞ ውስጡ ይሽከረከራል። ያንን ሞተር እንደ ጥቅል እንጀራ ፈትቶ ትሪ ላይ ቢዘረጉት፣ አንዱ ወገን ቦጊው ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ወገን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የተዘረጋ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይሆናል። የኤሌክትሪኩ ማዕበል በሰሌዳው ላይ ሲሮጥ ባቡሩን ይገፋዋል። የሚሽከረከር ሞተር የለም፤ ጥርስ የለም፤ ጎማው ሐዲዱን ቆንጥጦ መግፋት የለበትም። በቶሮንቶ ከ1985፣ በቫንኩቨር ከዚያ ቀጥሎ፣ በኩዋላ ሉምፑር ከ1998፣ በኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2003 ጀምሮ እንዲህ ያለ ባቡር ሠርቷል።

ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡ። «ታዲያ ባቡሩን የሚሸከመው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ጎማው።»

«ጠመዝማዛው ላይ የሚያዞረውስ?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «እርሱም ጎማው። እንዲያውም ለእነዚያ ባቡሮች የተሠራው ቦጊ ዘንጎቹ ከመታጠፊያው ጋር አብረው እንዲዞሩ ሆኖ ነው።»

«የማዳላ ካርቶን ይኸውልሽ!» አሉ ጋሼ።

ልጅቷ ግን የጀመረችውን ልትጨርስ ስለ ቶሮንቶ ያነበበችውን ነገረቻቸው። በሞተሩና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2023 የስካርቦሮ መስመር ባቡር የኋላ ፉርጎው ተቆርጦ ከሐዲድ ወጣ። አምስት ሰዎች ቆሰሉ፤ ደግነቱ የሞተ የለም። በምርመራ የተገኘው፣ ሰሌዳውን ከመሬት ጋር የያዙት ቡሎኖች መላላታቸው ነው። ሰሌዳው ከቦታው ተነሥቶ ከባቡሩ ሥር ያለውን ሞተር መታው። ሊዘጋ ጥቂት ወራት የቀሩት መስመር በዚያው ቀረ።

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «በቡሎን?» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ሁሉ ማግኔት በቡሎን ቆመ?»

ከቡናው በኋላ የተነጋገሩት እዚሁ ስላለው ነው። በጠባብ ሐዲድ ላይ 245 የሄደችው ይህች ከተማ፣ በ2020 በኮሮና ምክንያት ባቡሮቿ ሲቆሙ ጠባቂ ያጣው መስመሯ ተዘርፏል፤ የመዳቡ ሽቦ፣ ሐዲዱ፣ የጣቢያው ጣራ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ መስመሮቹ አንድ በአንድ እየተጠገኑ መመለስ ጀምረዋል። ብዙ ወርክሾፕ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ሲባል ግን የሚያውቅ ሰው ነው። የእኛም አገር ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በ2015 የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር፣ በ2016 ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ ሰፊ መስመር ተመርቀዋል። ሪባኑ የሚቆረጠው አንድ ቀን ነው፤ ቡሎኑ የሚጠብቀው በየቀኑ ነው።

አባትየው ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ቀስ ብሎ መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠና የተጣበቁትን ሲኒዎች አንሥቶ አንድ ጊዜ ለቀቃቸው። ተንከባለው መሐሉን ይዘው ወረዱ።

«ሱቁን እኔና ወንድሜ እንይዘዋለን» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ትመጪልኛለሽ፤ ከዚያ የሚያንሰው አይበቃኝም።»

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ለምዝገባ ሄደች። ምን መሐንዲስ እንደምትሆን ገና አልታወቀም፤ ጋሼም አይጠይቋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ በር ላይ ሁለት ዱካ አለ፤ አንዱ የጋሼ፣ አንዱ የማዳላ። ልጅቷ ደንበኛ ሲያቆምላት ደብተሯን ይዛ በሁለቱ መካከል ትቀመጣለች። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በዙሉ ያርሟታል።