ዛሬስ ስንት ገባ?

እማዬ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ የምትከፍተው ለዜና አይደለም፤ ለዶላር ነው። «ዛሬስ ስንት ገባ?» ትለኛለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ በምንዛሪ ግን እኔን ታስከነዳለች።

እኔ ልጅ ሳለሁ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው፣ አለቀ። ንጉሡ ሲወርዱም፣ ደርግ ሲገባም ሲወጣም ያው ነበር። በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ 5 ብር ሲገባ ሰፈሩ ጉድ አለ። (ጉድስ ገና ኋላ ነበር።)

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለእማዬ በየወሩ 100 ዶላር ትልክ ነበር። ደወለች። «እንግዲህ 60 ብልክም ያው ነው አይደል?» አለች። ሒሳቡ ልክ ነው። እሷም የቤት ኪራይ አንቆ ይዟታል፣ አልፈርድባትም። ግን የዶላሩን ወሬ ዘይቱም ሰምቷል፣ መድኃኒቱም ሰምቷል።

እማዬ «ተመስገን፣ ብቻ አንቺ ደህና ሁኚልኝ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። የግፊት መድኃኒቷ የሦስት ቀን ነው የቀረው።

ማታ ሳጥኗን ከፈተች። ከእናቷ የወረሰችው ጠገራ ብር አለ፤ የማርያ ቴሬዛ፣ በፈረንጅ 1780 የሚል የተቀረጸበት፣ 28 ግራም። ድሮ ብር ማለት እኮ ብሩ ራሱ ነበር፤ ወረቀቱ ስሙን ነው የወረሰው። መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ይሄስ ዛሬ ስንት ይገባል?»

ነገ መርካቶ ወርቅ ቤት እጠይቃለሁ አልኳት።