አክስት ሳትቀበር ፈቃድ ስጡ

የዛሬው ጽሑፌ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችኋል። ሳቁ፣ ችግር የለውም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። የአራት ወር ቡችላ ነበራት። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ ጠዋት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ውሻ ያሳደገ ሰው ይሄ ምልክት ምን እንደሆነ ያውቃል። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል፤ የመትረፍ ዕድል የሚኖረው ቶሎ ሐኪም ጋ ደርሶ ፈሳሽ ሲሰጠው ነው። ልጅቷ አለቃዋን የጠየቀችው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እሱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳቀ። «ውሻ ነው ወይስ ባል?» አላት። ከሥራ ስትወጣ ክሊኒኩ ተዘግቷል። በማግሥቱ ቡችላው ሞተ።

እንቅልፍ የነሳኝ የመልእክቷ መጨረሻ ነው፦ «ቲቸር፣ አክስቴ ሞተች ብል ኖሮ እኮ ይፈቅድልኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ስንት ጤነኛ አክስት ተቀብራለች! ሰው እንዲህ የሚያደርገው ውሸት ስለሚወድ አይመስለኝም። እውነቱን ሲናገር ስለሚሳቅበት ነው። አለቃውም በበኩሉ ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ይገባዋል፤ የእውነት አክስቱ የሞተችበትን ሰው ሳይቀር በጥርጣሬ ያየዋል። እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይሄው ነው፦ እንስሳ ያለው ሠራተኛ ከአሠሪው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እውነቱን ተናግሮ ሳይዋረድ መውጣት ነው። ይሄ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

«ቲቸር፣ ለልጁ ትኩሳት ፈቃድ የሚለምን ሰው ባለበት አገር ስለ ውሻ ታወራለህ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የልጅና የውሻ ፈቃድ የሚሻሙ ነገሮች አይደሉም። በሠራተኛው ቡችላ የሚስቅ አለቃ ለልጅ ትኩሳትም ፊቱን ሲያጠቁር ነው ያየሁት። «እሺ፣ ሂድና ነገ ታካክሰዋለህ» ማለት የለመደ ሰው ግን ለሁለቱም ይላል።

ደግሞስ ይሄ ነገር የፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ? ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ገበሬ በሬው ሲታመም ሥራውን ትቶ ከበሬው ጋር ይውላል። ጎረቤቱም «በሬህ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የሚስቅ የለም። «በሬ እኮ እንጀራ ነው» ትሉኛላችሁ፤ ልክ ነው። ግን ከተማ ውስጥስ ሌሊት ግቢያችንን የሚጠብቀው ማን ነው? ብቻውን ለሚኖር ሰው በር ሲከፍት እየዘለለ የሚቀበለውስ?

ውጭ አገር ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ሲያትል ያለው የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ውሻቸውን ይዘው ቢሮ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሮም ውስጥ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ አንዲት ሴት የታመመ ውሻዋን እንድታስታምም ሁለት ቀን ከነክፍያው ተፈቅዶላታል። ብቻዋን ነበር የምትኖረው፤ የአገሩ ሕግ ደግሞ እንስሳን ለከባድ ሥቃይ ጥሎ መሄድን ያስቀጣል። እኛ ቢሮ ውሻ ይግባ እያልኩ አይደለም። የሚፈራ አለ፣ አለርጂ ያለበት አለ፣ በእምነቱ ምክንያት መነካካት የማይፈልግ አለ። እነሱም ሊከበሩ ይገባል።

የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ውሻ የሚለው ነገር የለም። ግን በሩን አልዘጋም። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ይፈቅዳል። የታመመ ውሻ «አሳሳቢ ሁኔታ» ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለጠበቆች ልተወው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሁለት ሰዓት ነው፤ ለሁለት ሰዓት ደግሞ ቅን ልብ እንጂ አዋጅ አያስፈልግም።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ዛሬ አለቃ ሆናችኋል። ለእናንተ የምለው ይሄን ነው።

አንደኛ፣ በቀን ሳይሆን በሰዓት ፍቀዱ። ጠዋት ዘግይቶ የገባ በምሳ ሰዓት ወይም ማታ ያካክሳል። እኔ በምመራት ትንሽ ክፍል እንዲህ ነው የምንሠራው፤ የቀረ ሥራ የለም።

ሁለተኛ፣ ፊልድ ስትልኩ ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ሐሙስ ማታ «ነገ ጅማ ትሄዳለህ» የተባለ ሰው ድመቱን ለማን ይስጣት? ሦስት አራት ቀን ቀድሞ ካወቀ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ምግቡን አዘጋጅቶ፣ አእምሮው አርፎ ይሄዳል። ይሄ እኮ ልጅ ላለውም፣ አሮጊት እናት ለሚጦረውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ቀልድ የለውም። ሠራተኛችሁን ውሻ ከነከሰው፣ የራሱም ይሁን የጎረቤት፣ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፣ በተለያዩ ቀናት ይደጋገማል። «ትናንት ሄደህ አልነበር እንዴ?» ብላችሁ እንዳታስቀሩት። እዚህ ላይ የምትከለክሉት ፈቃድ ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

አራተኛ፣ የራሳችሁን ግቢ እዩ። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ውሻ የሌለው? በር ላይ ተኝታ የምትውል፣ ጥበቃው ከምሳው ቆርሶ የሚያበላት አንዲት ውሻ አትጠፋም። መጋዘኑም የራሱ ድመት አለው። ሌሊት ንብረታችንን ስትጠብቅ «የእኛ ውሻ» ናት፤ ክትባት ሲባል ግን «የማንም አይደለችም»። ለአታሚ ቀለምና ለሻይ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት በዓመት አንዴ ውሻዋን ማስከተብ አያቅተውም። ጥበቃውም፣ በበሩ የሚገባው ባለጉዳይም ይድናል።

ሠራተኞች ደግሞ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ቡችላችሁን በጊዜ አስከትቡ። ለክፉ ቀን ቁልፍ የሚቀበላችሁ ሰው ቀድማችሁ አዘጋጁ። የተፈቀደላችሁን ሰዓት ቡና ቤት አትጨርሱት፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ በሩን የምትዘጉት እናንተ ትሆናላችሁና።

አለቃ ለሆናችሁት አንድ የቤት ሥራ፦ ሰኞ ጠዋት የቢሯችሁን ጥበቃ የግቢዋ ውሻ ስሟ ማን እንደሆነና ተከትባ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን እዚሁ ጻፉልኝ። እንደ ድሮው አርማለሁ።