ከሰማይ አንዲት ምድር፣ ከኮረም አንድ ካሜራ

ሰኔ 10 ቀን 1977 ዓ.ም. ዲስከቨሪ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰባት ሰዎችን ይዛ ወደ ጠፈር ወጣች። አምስቱ አሜሪካውያን፣ አንዱ ፈረንሳዊ፣ አንዱ ደግሞ የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ነበሩ። ልዑሉ ስለ ጉዞው የተናገሩት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም የየሀገሩን በጣቱ ይጠቁም ነበር፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የየአህጉሩን፤ በአምስተኛው ቀን ግን ለሁሉም የምትታያቸው አንዲት ምድር ብቻ ሆነች።

ግሩም ንግግር ነው። ግን ቀኑን ልብ በሉት፤ ሰኔ ሰባ ሰባት! እነዚያ ሰባት ሰዎች ምድርን እየዞሩ በሚደነቁበት ሳምንት፣ ወሎና ትግራይ ውስጥ ከእልቂቱ የተረፈው ሕዝብ በየመጠለያው ስንዴ ይጠብቅ ነበር። ጥፋቱ የጠፈርተኞቹ አይደለም። ከዚያ ከፍታ ረሃብ አይታይም። የነጣ ማሳና የደረቀ ወንዝ ከላይ ሲያዩት እንዲያውም ያምራል።

ዓለምን የቀሰቀሰው ምስል የተነሳው ከመሬት ነው። ጥቅምት 1977 ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ በካሜራው የቀረጸውን ማይክል በርክ ለቢቢሲ ዘገበው፤ ከዚያ በኋላ እርዳታው ጎረፈ። ምድርን ፎቶ የሚያነሱት የላንድሳት ሳተላይቶች ያን ጊዜ ሥራ ከጀመሩ 12 ዓመት አልፏቸዋል። ማስጠንቀቂያም አልጠፋም፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን መጋቢት 1976 ላይ ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ለለጋሾች ነግሯል። ለጋሾቹ ደርግን አላመኑትም። ደርግም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ድግስ ሲደግስ ከረመ።

ከዚያ እልቂት በኋላ ግን አንድ ቁም ነገር ተሠራ። በኢትዮጵያና በሱዳን የደረሰውን ያየችው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመች፤ ዛሬ ፊውስ ኔት የሚባለው እሱ ነው። አሠራሩ ለማመን ይከብዳል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጥና ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ መልሶ ይረጫል። ሳተላይቱ የሁለቱን ልዩነት ይለካል፤ ከዚህም የአንድ ወረዳ ማሳ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ዘንድሮ ምን ያህል እንደለመለመ ይታወቃል። ዝናቡም ቢሆን በደመናው አናት ቅዝቃዜ ይገመታል። በዚህ ላይ ገበያ ወርዶ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ እንደምትገዛ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ሳተላይቱ ግማሽ ዕውር ነው።

ሥርዓቱ ያያል እንጂ አያዝም። በ2010 መጨረሻ ላይ ስለ ሶማሊያ አስጠንቅቆ ነበር። አል ሸባብ እርዳታ ከለከለ፤ ለጋሾችም እጃቸውን የዘረጉት በሐምሌ 2011 «ረሃብ ገብቷል» ተብሎ ከታወጀ በኋላ ነው። ኋላ የወጣ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ወደ 258 ሺህ ገምቶታል፤ ግማሾቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በ2015 እና በ2016 በኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ በፈለገበት ድርቅ ግን መንግሥት ከራሱ ካዝና ገንዘብ አወጣ፣ ለጋሾችም ጨመሩበት። ሰባ ሰባት አልተደገመም።

ከጠፈር ማየት ያመጣው ትብብር የለም ለማለት አይደለም። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የጠፈርና የአደጋ ቻርተር አለ። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የሩሲያ፣ የሕንድና የአውሮፓ ተቋማት የሳተላይት ምስል በነፃ ይሰጣሉ። መንግሥታቱ በማይነጋገሩበት ወቅት እንኳ ይህ አልተቋረጠም። በልዑሉ ንግግር ልቡ የተነካ ሰው ሊኮራበት የሚገባው ይኸኛው ነው፤ ስሜት ሳይሆን ውል ነውና። ታዲያ ቻርተሩ ድርቅን አይጨምርም። የተጻፈው ድንገት ለሚመጣ አደጋ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚገድለው ከውሉ ውጭ ቀርቷል።

ለዚህኛው የቀረው እንደ ፊውስ ኔት ያለው ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ድረ ገጹ ተዘጋ፤ የተመለሰውም ከወራት በኋላ፣ ያውም በከፊል ነው። በእነዚያ ወራት ሳተላይቶቹ ሥራ አላቆሙም፤ እንደ ወትሮው ከአፍሪካ ቀንድ በላይ እያለፉ ምስል ይልኩ ነበር። ሥራ አቁም የተባለው ምስሉን አንብቦ «የዚህ ወረዳ ሰው እስከ መኸር አይደርስም» ብሎ የሚጽፈው ሰው ነው።